እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና የደጀ ሰላሙ ተማሪዎች

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ለጆሮ ደስታ ብቻ የተገኘ ነገር አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን፥ የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ብሎ ከፍሎ ያስተማረው ማኅሌት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ኖረ። ኋላም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት አበጁለት። ድፋትና ቅናት፥ ይዘትና ሂደት፥ ጭረትና ርክርክ፥ ደረትና ቁርጥ እየተባለ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፈረው ሁሉ ለድምፅ መንገድ ጠቋሚ ነው። ስለዚህ ዜማን በብራና መያዝ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የአውሮፓው ባለ አምስት መስመር ኖታ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜም ያገኘው አገር ባዶ አልነበረም። ዳሩ ግን ሁለቱ ጽሕፈቶች ጎረቤት ሆነው ሳለ ብዙ ዘመን ሳይነጋገሩ ቆዩ። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሁለቱ ከተገናኙባቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር፥ ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት ናቸው።

ከንቲባ ገብሩ የተወለዱት በጎንደር በኩል በአለፋ ነው። በልጅነታቸው ሚሲዮናውያን ወስደው አስተማሯቸው፤ በስዊዘርላንድም በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ተምረው ብዙ ቋንቋ ዐወቁ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክን አገለገሉ፤ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ኋላ ብላቴን ጌታ ከተባሉት ከኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ አባት ሴት ልጁን ፊደል ሳያስቈጥር እንደማይቀር የታወቀ ነው።

የውብዳር በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደች። እናትዋ ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ። ያ ዓመት በአጋጣሚ ለአዲስ አበባ ሙዚቃም የልደት ዓመት ነበረ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩስያ ንጉሥ ለምኒልክ የነሐስ መለከቶችን ከአስተማሪ ጋር ልኮ፥ በቤተ መንግሥት የመለከት ሰልፍ ከተጀመረ ቆይቶ ነበር። በዚያው በ1916 ዓ.ም. ግን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በዓመቱ መጨረሻ፥ በጳጕሜን፥ አዲስ አበባ ገቡ፤ የመንግሥትም ሙዚቀኞች ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው የሰላምታ ዜማ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ ተሰማ። ይህን ሁሉ መጥቀስ የሚያስፈልገው፥ ከንቲባው ልጃቸውን ወደ አውሮፓ በሚልኩበት ጊዜ የፈረንጅ ሙዚቃ በከተማው ውስጥ የወታደር ሙዚቃ ብቻ እንደ ነበረ ለማስታወስ ነው። በሴት ልጅ እጅ የሚያዝ ጥበብ ነው ብሎ ያሰበው ሰው ጥቂት ነበረ።

ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት ከታላቅ እኅትዋ ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደች። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፥ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ የሆኑት ናቸው። ታናሽቱ ግን በዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሰማች፤ ከዚያም ወዲያ ልብዋ ወደ ሌላ ነገር አልተመለሰም። በመጀመሪያ የያዘችው ቫዮሊን ነው። ቫዮሊን ከማሲንቆ ጋር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በቀስት ይመታሉ፤ ልዩነቱ ማሲንቆ በአንድ ጭራ የሚናገረውን ቫዮሊን በአራት ጅማት መናገሩ ነው። ፒያኖንም ከዚሁ ጋር ተማረች። በ1925 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገርዋ ተመልሳ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገባች፤ ነገር ግን ትምህርቱ ሳይረጋ ጦርነት መጣ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ አበባን ያዘች። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦንብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ሰውና የመኳንንት ወገን ሁሉ እየተፈለገ ሲገደልና ሲጋዝ፥ የከንቲባ ገብሩም ቤተ ሰብ ከተጋዙት ውስጥ ሆነ። የውብዳር ከቤተ ሰብዋ ጋር በመጀመሪያ ከሰርዴኛ በስተ ሰሜን ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት፥ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ ወዳለው ወደ መርኮሊያኖ ተወሰደች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በስዊዘርላንድ አውሮፓን በትምህርት ቤት መስኮት አይታው ነበረ፤ አሁን በእስር ቤት መስኮት አየችው። ኋላ በደረሰቻቸው ዜማዎች ውስጥ የባሕርና የስደት ነገር ተደጋግሞ መገኘቱን ከዚህ ዘመን ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አሉ፤ አያያዛቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከነጻነት በኋላ ወደ ግብጽ ወደ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊን ዐዋቂ ዘንድ ትምህርትዋን ቀጠለች። ቀኑን በሰዓት ከፍላ ለቫዮሊንም ለፒያኖም ሰጠችው፤ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የምትሠራበት ጊዜ ነበረ። መምህሩም ከእርስዋ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል እንዲመራ ሾሙት። እርስዋ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ ቀጥሎም በዚያው በክብር ዘበኛ በጽሕፈት ሥራ ረዳት ሆነች። ነገሩን አንባቢ ያስተውለው። መምህሩ የሙዚቀኞች አለቃ ሆኖ በትሩን ይዞ ሲቆም፥ ተማሪይቱ በጠረጴዛ ላይ ወረቀት ታስተካክል ነበር። በዚያን ዘመን በክብር ዘበኛ ሙዚቃ ውስጥ ለሴት ልጅ ወንበር አልተዘጋጀም።

ከዚህም በኋላ የሕይወትዋ ትልቁ ፈተና መጣ። በለንደን በንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ እንድትማር ዕድል ተገኘላት፤ መንገዱም ሁሉ የተከፈተ መሰለ። ነገር ግን ከበላይ ፈቃድ ተከለከለች። ምክንያቱ አልተነገራትም፤ እርስዋም እስከ እርጅናዋ ድረስ ክልከላውን እንጂ ምክንያቱን አልተረከችም። ከኀዘን ብዛት እህል አልቀምስም ብላ 12 ቀን ተኛች፤ ሰውነትዋ ደክሞ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ሞት የቀረበ በመሰላት ጊዜ የጠየቀችው ሐኪም ሳይሆን ቄስ ነው፤ ቅዱስ ቍርባንም ተቀበለች። ከዚያም ረጅም እንቅልፍ ወሰዳት፤ በነቃች ጊዜ ልብዋ ጸጥ ብሎ አገኘችው። ከዚህ በኋላ ሙዚቃን ትታ ወደ ጸሎት ተመለሰች።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የተከፋች ልጅ ዓለምን ናቀች ብሎ በአጭሩ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው ፍርድ ግን የምናኔን መንገድ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ኩርፊያ ሰውን ከቤት ያስወጣ ይሆናል፤ በገዳም ግን አያኖርም። የሚያኖረው ሌላ ነው።

የሄደችበትም ቦታ ቀላል ቦታ አይደለም። በወሎ፥ በአምባሰል ያለችው ግሸን ማርያም በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠች አምባ ናት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጌታ መስቀል ክፋይ የገባባት፥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝብ ከየአውራጃው የሚጎርፍባት ናት። በቀድሞ ዘመን ነገሥታት የወንድሞቻቸውንና የልጆቻቸውን ነገር ፈርተው የነጋሢ ዘር የሆኑትን ሁሉ ያለ ፈቃዳቸው ያወጡባት የነበረች አምባ ናት። የከንቲባው ልጅ ግን አስቀድማ ከእናትዋ ጋር ተሳልማት ነበረና፥ ለቤተ ሰብዋ ሳትናገር በገዛ ፈቃድዋ ወጣችባት። በዚያም መነኰሰች፤ ጽጌ ማርያም ተባለች። ከዚህ በኋላ አንቺ መባል ቀርቶ እማሆይ ሆኑ፤ የዚህም ጽሕፈት አነጋገር እንደዚሁ ይለወጣል።

እማሆይ በግሸን ጫማ አላደረጉም። በድንጋዩና በብርዱ ላይ ባዶ እግራቸውን እየሄዱ፥ በጭቃ ጎጆ እያደሩ፥ እንደ ሌሎቹ እናቶች ውኃ እየቀዱና እየጸለዩ ዓመታት አሳለፉ። ፒያኖ በአምባው ላይ አልነበረም። ቢኖርም ኖሮ አይነኩትም ነበር ይባላል። በዚህ ዝምታ ውስጥ ግን ጆሯቸው ሥራ አልፈታም። በገዳም የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሌሊት በሰዓታት፥ በማለዳ በኪዳን፥ በበዓልም ቀን በማኅሌት የሚሰማው ድምፅ ሰውን ሳያስጠይቅ ያስተምረዋል። በካይሮ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ጣታቸውን ያለማመዱት ሴት፥ በግሸን ጆሯቸውን ለያሬድ አለማመዱ።

ከአምባው ወርደው ወደ አዲስ አበባ ወደ እናታቸው ቤት በተመለሱ ጊዜ ሙዚቃውም አብሮ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን የሌላ ሰው ድርሰት ማንበብ ትተው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ። ለፒያኖ፥ ለቫዮሊን፥ ለኦርጋንም ደረሱ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ የጻፉት ከ150 በላይ እንደሚሆን ይነገራል። መነኵሲት ሆኖ ፒያኖ መምታት ይገባልን? ብለው የሚጠይቁ በዚያን ጊዜም ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። ዳዊት በገና እንደ ደረደረ፥ የመዝሙሩም መጨረሻ አውታርንና እንዚራን፥ ከበሮንና ጸናጽልን ለምስጋና እንደሚጠራ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እማሆይ ፒያኖን በማኅሌት ቦታ ለመተካት አልሞከሩም፤ ከበሮና ጸናጽል፥ መቋሚያም ባለበት ቦታ ሌላ ነገር አላስገቡም። ድርሰታቸው ጸሎት ሊባል ይችላል፤ ሥርዓተ ቅዳሴ ግን አይደለም። ይህን ልዩነት ራሳቸው ጠብቀው መኖራቸው ለትችቱ የሚበቃ መልስ ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት እማሆይ ወደ ጎንደር ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከምንጩ ለመማር ነው። አባታቸው ከንቲባ ሆነው በገዙት ከተማ ልጃቸው ተማሪ ሆነው ገቡ።

ጎንደር የትምህርት አገር እንደ መሆንዋ በዙሪያዋ ያሉትን ጉባኤያት ማስታወስ ይገባል። ድጓ የሚፈልግ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም የሚፈልግ በጎንደር በበአታ ይቀመጣል፤ ቅኔ የሚፈልግ ዋድላን፥ ጎንጅንና ዋሸራን ይዞራል። ተማሪው ከእናቱ ቤት የሚወጣው ልጅ ሳለ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ በትከሻው አንግቦ፥ ማንም ሳይሸኘው ይወጣል። ጎጆውን በገዛ እጁ ይሠራል፤ ጎጆ ባይኖረው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ፥ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ይተኛል። ቀን ቀን በየመንደሩ ደጃፍ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ቁራሽ ያገኘ ቀን ቁራሽ ይበላል፤ ያላገኘ ቀን ቆሎ ይቆረጥማል፤ ስሙም የቆሎ ተማሪ የተባለው ከዚህ ነው። የመንደሩ ውሻ ጠላቱ ነው፤ ወረርሽኝም ሲመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ሌሊት ግን የተማረውን ሲያዜም ያድራል። ድጓው በዓመትና በሁለት ዓመት አያልቅም፤ የአንድ በዓል ዜማ ከጠፋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀጽላል።

ይህ ነገር ለጎንደር ብቻ አይደለም። በሸዋ ቤንች፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፥ በቡናው ጥላ መካከል በቆሙት አብያተ ክርስቲያናት በንግሥ ዕለት ወረብ የሚወርቡት መሪጌቶችና ደብተሮች ያንኑ መንገድ የሄዱ፥ ወይም ያንኑ መንገድ ከሄዱ መምህራን የተማሩ ናቸው። ዜማው ከሰሜን ደጋ ወደዚህ ቆላና ወይና ደጋ የመጣው በበቅሎ በተጫነ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ለምኖ በተማረ ሰው ጉሮሮ ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ እንግዳ ሠራተኛ በሚበዛበት አገር፥ ከእንግዶቹ መካከል ደበሎ የለበሰ ልጅ ቢታይ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አያስቸግርም።

እማሆይ ጠዋትና ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ እነዚህን ልጆች ከደጁ ተኝተው አዩአቸው። ማን ናቸው ብለው ጠየቁ። ድጓ ሊማሩ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ የሚበሉትን ይለምናሉ፤ ማደሪያም የላቸውም ተባሉ። ነገሩ ልባቸውን ነካው። ልብ ቢነካም ግን መነኵሲት ገንዘብ የላትም፤ የአባታቸውም ሀብት ያለፈ ነገር ነው። እጃቸው ላይ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙዚቃው። ለእነዚህና ለመሰሎቻቸው ልጆች በሙዚቃቸው ሊረዱ ወሰኑ።

ከዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። የለንደኑ ትምህርት ሲከለከል ሙዚቃው ለራሳቸው ክብር ነበረ፤ ስለዚህም ክልከላው እስከ ሞት አደረሳቸው። በግሸን ሙዚቃውን ለእግዚአብሔር ብለው ተዉት። በጎንደር ደጅ ግን ሙዚቃው የሚመለስበት ምክንያት ተገኘ፤ ያ ምክንያት ክብርም አይደለም፥ ምናኔም አይደለም፤ የአንድ ልጅ እራት ነው። ያሬድን የሚማረው ልጅ እንዲበላ ፒያኖ ተመታ። የአውሮፓ ደራስያንን ታሪክ ያነበበ ሰው ሙዚቃን ለንጉሥ ያቀረበ፥ ለመኳንንት የሸጠ፥ በቲያትር ቤት ለሕዝብ ያሰማ ብዙ ያገኛል። በእነዚያው አገሮች ለድኾችና ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ የተደረገ የሙዚቃ ጉባኤ አለ፤ ጆርጅ ሐንደል በለንደን ለተጣሉ ሕፃናት ቤት እንዳደረገው ማለት ነው። ሐንደል ግን ባለጠጋ ነበር። እማሆይ ግን ሲረዱ ከተረዱት ልጆች ይልቅ ሀብት አልነበራቸውም።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ። ለዚህም ንጉሠ ነገሥቱ ረድተዋቸዋል። ከበላይ የተከለከለው የለንደን መንገድ ባይመለስም፥ ከዚያው ከበላይ በኩል ሌላ በር ተከፈተ፤ እማሆይም የቀደመውን አንስተው አልወቀሱም። ከሸክላው የተገኘው ገንዘብ ወላጅ ለሌላቸውና ለተቸገሩ ልጆች ዋለ። በሚከተሉትም ዓመታት ሌሎች ሸክሎች ታተሙ፤ ዓላማቸውም አልተለወጠም።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሌላ መንገድ የያዘ ሰው እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ሙዚቃ ተምረው ተመልሰው በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ፤ የአገራቸውንም ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ጻፉ፤ እረኛው ባለዋሽንት የሚባለው ድርሰታቸው የታወቀ ነው። እርሳቸው ብዙ መሣሪያ በአንድ በትር ሥር ሰበሰቡ፤ እማሆይ ሁሉን በአሥር ጣት ሥር ሰበሰቡ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነበረ። ይኸውም የፈረንጅ መሣሪያ በኢትዮጵያ ልሳን እንዲናገር ነው።

የእማሆይ ድርሰት ምን ይመስላል ቢባል በጽሕፈት ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም ጥቂት ማለት ይቻላል። የአገራችን ዘፈን ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚባሉ አራት ቅኝቶች እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዱ ስሙን የወሰደው እማሆይ ከመነኰሱበት አገር ነው። የእማሆይ ግራ እጅ በፈረንጅ ትምህርት መሠረት ይጥላል፤ ቀኝ እጅ ግን በእነዚህ ቅኝቶች ላይ ይመላለሳል። የፒያኖ ድምፅ በየቍልፉ የተቈረጠ ነው፤ እንደ ሰው ጉሮሮ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተት አይችልም፤ ርክርክ ለማለት አልተፈጠረም። እማሆይ ይህን ጉድለት በጥበብ አለፉት። በአንድ ረጅም ድምፅ ዙሪያ ደቃቅ ድምፆችን በፍጥነት እየረጩ ጣቱ እንደ መሪጌታ ጉሮሮ እንዲንቀጠቀጥ አደረጉት። ልኩም እንደ ወታደር እርምጃ እኩል አይደለም፤ ይዘገያል፥ ይቆማል፥ ከዚያ ይሮጣል፤ ይዘትና ሂደት የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ፈረንጆች ይህን ሲሰሙ የጥቁር አሜሪካውያንን የኀዘን ጨዋታ መስሏቸው በዚያ ስም ይጠሩታል። ጆሯቸው የሚያውቀውን መፈለጉ አያስነቅፍም፤ ምንጩ ግን ከዚያ ሳይሆን ከግሸንና ከጎንደር ነው።

የድርሰቶቹም ስም የሕይወታቸውን መንገድ ይናገራል። ስለ ባሕር፥ ስለ እናት ፍቅር፥ ቤት ስለሌለው መንገደኛ የደረሱት አለ፤ ስለ ጎልጎታ፥ ስለ ጌቴሴማኒና ስለ ዮርዳኖስ ወንዝ የደረሱትም አለ። ቤት የሌለው መንገደኛ የሚለው ከሁሉ ይልቅ በዓለም ላይ የተሰማው ነው። ያን ሰው ሲሰሙት የጎንደርን የቆሎ ተማሪ የሚያስታውሱ ሰዎች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

በ1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ ደርግም ሃይማኖትን እንደ ኋላ ቀር ነገር ማየት ጀመረ። እማሆይ በአዲስ አበባ በእናታቸው ቤት ተቀምጠው እናታቸውን ጦሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. እናታቸው ካረፉ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በዚያም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አስጀምረውት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተፈጸመው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም አንዲት ጠባብ ክፍል አገኙ። ክፍሏ አልጋና ፒያኖ፥ በገዛ እጃቸው የሣሏቸውን ቅዱሳት ሥዕላትና መጻሕፍትን ይዛለች፤ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበራትም። በዚች ክፍል ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ኖሩ።

ብዙ ሰው ረስቷቸው ሳለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ እየሰበሰበ በሚያሳትምበት ተከታታይ ሥራ 21ኛውን ክፍል ለእርሳቸው ብቻ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ስማቸው ተሰማ፤ ጋዜጠኞችም ወደ ገዳሙ መመላለስ ጀመሩ። ማያ ዱኒዬትዝ የተባለች የእስራኤል ፒያኖ ተጫዋች ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ዕድሜ ልክ የጻፉትን ኖታ በላስቲክ ከረጢቶች እንደ ታጨቀ አስረከቧት። በእርሳስ የተጻፈ፥ የተደለዘ፥ ገጹ የተዘበራረቀ ነበረ። እርስዋም ለይታ አስተካክላ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲል ድርሰታቸው በመጽሐፍ ታተመ፤ በኢየሩሳሌምም የክብር የሙዚቃ ጉባኤ ተደረገላቸው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የያሬድን ዜማ ከመረሳት ያወጡበት ሥራ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረው ከዚህ ይገመታል፤ ያም ሆኖ የእነዚያ ሊቃውንት ድካም ለሺህ ዓመት ለተጠጋ የቃል ትምህርት ነበረ፤ የዚህችኛይቱ ለአንዲት ሴት ከረጢት።

በስማቸውም ልጆችን ሙዚቃ የሚያስተምር ማኅበር ተቋቋመ። እማሆይ ስለ ራሳቸው ለመናገር ብዙም ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ስለ ልጆቹ ግን ሲጠየቁ ይናገሩ ነበር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ዐርፈው ዓመት ሳይሞላ፥ ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በእናታቸው ቤት በካሴት የቀዱት ድምፅ ታተመ። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያውቀው ጣታቸውን ብቻ ነበረ፤ በዚህ ግን ራሳቸው በአማርኛ ስለ አገርና ስለ ስደት ያዜማሉ። ቀራጩም ተቀራጩም እርሳቸው ብቻ ነበሩና ቀረጻው ጥራት የለውም። የካሴቱን ቍልፍ ሲጫኑ የጣታቸው ኳኳታ፥ የተቀመጡበት ወንበር ሲንጓጓ ይሰማል፤ ከመስኮቱ ውጪም ወፎች ይጮኻሉ።